የሌሊት ጥበቃ ነኝ፤ ራሴን ግን አልጠበቅሁም

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ደብረ ዘይት እሑድ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። የጸሐፊውን ስምና የሚሠራበትን ቦታ ስም ትቻለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የ38 ዓመት ሰው ነኝ። እዚሁ ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ባለትዳር ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ባለፈው ጥር አብሮኝ ከሚሠራ ሰው ጋር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተረካክበን ተለያየን። ከሰዓት በኋላ ሞተ ተባልኩ። ምንም አላመመውም። ቡና ጠጥቶ ጋደም እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኔ እኔ አይደለሁም። ሌሊት ብቻዬን ስሆን ‹አሁን ብትሞትስ?› የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ስልኬን ከፍቼ ስለ መጨረሻው ዘመን የሚናገሩትን እሰማለሁ። አንዱ ዓመቱን ቆርጦ ይናገራል። ሌላው ‹ስምንተኛው ሺህ ነው፣ አበቃ› ይላል። ሰምቼ ስጨርስ ጭራሽ ይብስብኛል። ንስሐ ከገባሁ 11 ዓመት አልፎኛል። የንስሐ አባታችን ለበዓል ቤት ሲመጡ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። እሑድ የደብረ ዘይትን ስብከት ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ሁሉን ትቼ ዋልድባ ልግባ ወይ እያልኩ ነው። ባለቤቴ ‹አብደሃል እንዴ?› ትለኛለች። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። ብንን ስል ‹ጌታ አሁን መጥቶ ቢሆንስ ኖሮ?› ብዬ እደነግጣለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከአባታችን ተዝካር ወዲህ አንነጋገርም፣ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እትዬ፣ ክርስቲያን ተዘጋጅቶ የሚኖረው እንዴት ነው? ሁልጊዜ እንዲህ እየፈሩ ነው?»

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የባልደረባህን ነፍስ ይማር። ለቤተሰቡም መጽናናቱን ይስጥልን።

አስቀድሜ ማንነቴን ልንገርህ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ እንጂ ካህን አይደለሁም። ለነፍስህ መፍትሔው ያለው ካህኑ ዘንድ ነው። እኔ የምልህ አንዲት እናት ቡና አፍልታ የምትልህን ያህል ነው። ቡናው ቀርቶብሃል፣ ይቅርታ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቆመ። እሱን ለኋላ ላቆየውና ከስልክህ ልጀምር።

«ስምንተኛው ሺህ» የሚሉህ ሰዎች ትናንት የመጣ ወሬ ያስመስሉታል። አንተው ራስህ ደምረው። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነው። የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን በባሕረ ሐሳብ የሚያወጣ ሊቅ በየዓመቱ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምራል። እንግዲህ 7000 የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ 500 ዓመት አልፎታል ማለት ነው! አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ ዘመኑ 7128 ነበር። ስምንተኛው ሺህ ገብቶ 128 ዓመት ሆኖታል። «ዘመኑ አልቋል፣ ምን ያደርጋል» ብለው ድንጋይ ከማስጠረብ አልቀሩም። ግንቡ ይኸው ቆሟል፤ አንተም በሥሩ ታልፋለህ።

የሱዳን ድርቡሽ ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል እዚህ የነበረ ሰው «ይኸው ደረሰ» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ብሆን እል ነበር። ግን ቀኑ ያ አልነበረም። ከእሳቱ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዛሬም ይቀደስበታል።

ጌታ ራሱ ያችን ቀንና ሰዓት የሰማይ መላእክት እንኳ አያውቋትም ብሏል። መላእክት ያላወቁትን አንድ ባለ ስልክ ካወቀው ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ግን አላወቀውም ባይ ነኝ። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ስልክህ ለመደወያ ብቻ ይሁን። ጨለማ ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማሰማት፣ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። አንተም ይብስብሃል እንጂ የሚሻልህ ነገር የለም፤ ራስህ ጽፈኸዋል።

እግረ መንገዴን ላንሣው። ልብህ ያለ ምክንያት የሚደልቅ፣ ቀን ተኝተህም እንቅልፍ እምቢ የሚልህ ከሆነ ሐኪም ይይህ። ጸበሉም ሐኪሙም አይጣሉም። አብሮህ የሠራ ሰው በድንገት ሲሞት ሰውነትም ይደነግጣል፤ የእምነት ማነስ አድርገህ አትቁጠረው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ላንተ ተብሎ የተጻፈ የሚመስል ምሳሌ አለ። አንድ ባለቤት ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ አገልጋይ ሥራውን ይሰጣል። በረኛውን ደግሞ እንዲተጋ ያዘዋል። ባለቤቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ በማታ ይሁን፣ በእኩለ ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ ወይስ ማለዳ። አየህ? አራቱም የአንተ የሥራ ሰዓት ናቸው።

አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት አንድ የሌሊት ጥበቃ ነበሩ። በዕድሜ የገፉ፣ ዝም የሚሉ ሰው። ፈተና በሚታረምበት ሰሞን አምሽቼ ስወጣ አያቸዋለሁ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባትሪያቸውን ይዘው ይዞራሉ። የእያንዳንዱን ክፍል ቁልፍ በእጃቸው ጨብጠው ወደ ታች ሳብ ያደርጉታል። አይተው አያልፉም፤ ይስቡታል። አንድ ቀን «በዓይንዎ አይበቃም?» አልኳቸው። «የተንጠለጠለ ቁልፍ ሁሉ የተቆለፈ ይመስላል» አሉኝ። ዙራቸውን ሲጨርሱ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ትንሽ ያንጎራጉራሉ። ርእሰ መምህሩ አንዳንዴ ሳይታሰብ በሌሊት ብቅ ይል ነበር። እኛ አስተማሪዎቹ ስንሰማ እንደነግጣለን። እሳቸው ግን «ይምጣ» ይላሉ፣ ሻያቸውን ሳያስቀምጡ።

እሳቸውን ያላስፈራቸው ቁልፎቹን ሁሉ ስበው ስለጨረሱ ነው። ጠዋት መዝገቡ ላይ «በሰላም አድሯል» ብለው ሲፈርሙ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ርክክብ የሚያስፈራው ያልነካው በር ያለውን ሰው ነው። ያንተም ፍርሃት ከሰማይ የወረደ አይመስለኝም። አንድ ያልሳብከው ቁልፍ አለ።

ስለ እንቅልፉ ደግሞ። የአሥሩን ቆነጃጅት ምሳሌ እስኪ ተመልሰህ አንብበው። ሙሽራው ሲዘገይ ሁሉም እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸውና ተኙ ይላል። ሁሉም! ልባሞቹ አምስቱም ጭምር ተኝተዋል። ልዩነቱ የተገኘው ሲነቁ ነው። የእነዚያ ማሰሮ ዘይት ነበረው፣ የእነዚህ አልነበረውም። አባቶች ሲተረጉሙት ዘይቱን ምግባር፣ ምጽዋት ይሉታል። የማያንቀላፉት መላእክት ናቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ አይተሃቸዋል፣ ዓይናቸው እንዳፈጠጠ። ለዚህም ነው «ትጉሃን» የሚባሉት። አንተ መልአክ አይደለህም፤ ሌሊቱን ሠርተህ፣ ቀን ልጆች ሲያስቸግሩህ የምትውል ሰው ነህ። (በሥራ ሰዓት እንድትተኛ ፈቃድ እየሰጠሁህ አይደለም። እሱን ከአለቃህ ጋር ተነጋገሩ።)

ዘይቱ እኮ በአንድ ሌሊት አይገዛም። የእኛን ጥምቀት አስበው። በከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሞልቶ ይጠብቃል። ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየገባ አስቀድሞ ሲሞላ ነው የሰነበተው። ሕዝቡ የሚያየው የሞላውን ነው፤ ቀስ እያለ ሲገባ ማንም ቆሞ አያይም። ያንተም የየቀኑ ነገር እንደዚያ ነው። ደግሞ ልብ ብለኸው ከሆነ ሌላው ምእመን የሌለው ዕድል አለህ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ መንፈቀ ሌሊት ነው። ሌላው ሰው ከሞቀ አልጋው ለመነሣት በሚታገልበት ሰዓት አንተ በደመወዝ ነቅተሃል! ረጅም ጸሎት አልጭንብህም። በየዙሩ፣ በየቁልፉ «እግዚኦ ተሠሃለነ» በል። ስትቀመጥ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከቻልክ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ሲነጋ ትፈርማለህ፣ ትሄዳለህ።

አሁን «ሁልጊዜ እንዲህ እየፈሩ ነው ወይ?» ወዳልከው ልምጣ።

አያቴ መግነዟ ሳጥኗ ውስጥ ነበር። ነጭ ሸማ፣ በደረቀ አደስ መካከል የታጠፈ። በዓመት አንዴ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ልጅ ሆኜ «እማማ፣ ይኼ የምን ልብስ ነው?» አልኳት። «የመንገዴ ነው» አለችኝ፣ ስለ ገበያ እንደምታወራ። ያኔ ክረምቱ ገብቶ ነበር መሰለኝ፣ ደመና ሲመጣ በሩጫ ሰብስበነዋል። መግነዙን እያጠፈች አፏ ሌላ ወሬ ላይ ነበር። ለአጎቴ የጌሾውን ችግኝ ከአጥሩ ምን ያህል አርቆ እንደሚተክለው ትነግረዋለች። ጌሾ ደግሞ ዛሬ ተክለኸው ነገ አትቀነጥሰውም። እኔ ይኼ ነገር ግራ የሚያጋባ መሆኑን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። እሷን ግን ግራ አላጋባትም። ስትሞት ጌሾው ከአጥሩ በላይ ሆኖ ነበር።

ፈሪሃ እግዚአብሔር የሚባለው ሌላ ነው፤ ጉልበት አያስከዳም። እስኪ የቤተ ክርስቲያንን የሳምንት ቅደም ተከተል ተመልከት። ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ሲደርስ ደብረ ዘይት ይመጣል፤ ስለ ዳግም ምጽአት ትሰማለህ፣ ትደነግጣለህ። አባቶቻችን ግን እዚያ ላይ አልተዉህም። የሚቀጥለው እሑድ ምንድን ነው? ገብር ኄር! በጎ አገልጋይ። አንዱ በተቀበለው አምስት መክሊት ሌላ አምስት አተረፈ፣ ሁለተኛው በሁለቱ ሁለት። ሦስተኛው ቀበረው። ሲጠየቅ ያቀረበውን ሰበብ ታስታውሰዋለህ? «ፈራሁ» ነው ያለው። ፈራሁ፣ ሄጄም መክሊትህን ቀበርኩት። ፍርሃቱ አላዳነውም። የፊታችን እሑድ ሄደህ ስማው፤ ደብረ ዘይትን ሰምቶ ገብር ኄርን የቀረ ሰው ነገሩን ከወገቡ ቆርጦታል።

እናም ዋልድባ። ዋልድባን አከብራለሁ። እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ በሚባለው የገዳሙ ምግብ የሚኖሩ አባቶች ያሉበት ቦታ ነው፤ በጸሎታቸው ይማሩን። ግን ልጄ፣ ገዳም የሚገባው ተጠርቶ ነው እንጂ ሸሽቶ አይደለም። ባለትዳር ሰው ደግሞ ያለ ሚስቱ ፈቃድ አይመነኩስም። እሷ የሰጠችህን መልስ ጽፈኸዋል፤ በበኩሌ ልክ ናት። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው እንዲህ ላለ ነገር ነው። የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ሰምተው የታወኩ ነበሩ፤ ሥራ ፈትተው የሚዞሩም ነበሩ። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» አላቸው። ማቴዎስ 24 ላይ ጌታው መጥቶ «ብፁዕ» የሚለው አገልጋይ ምን ሲያደርግ እንደተገኘ ታውቃለህ? ለቤተሰቡ ምግባቸውን በጊዜው ሲሰጥ። አለቀ። ጤፉን ሸምተህ፣ የልጆቹን ደብተር ገዝተህ፣ የመጋዘኑን በር ጠብቀህ ስትገኝ ማለት ነው።

ንስሐው ላይ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም መንገዱ አጭር ነው። የረዘመው ያንተ ሽሽት ነው። የንስሐ አባትህ ለበዓል ሲመጡ የምትወጣበትን ሰበብ የማያውቁት ይመስልሃል? ያውቁታል። ቤቱን ጸበል ሲረጩ ጫማህ በሩ ላይ እንደሌለ ያያሉ። ሂድና «አባቴ ይፍቱኝ፤ 11 ዓመት ሆነኝ፣ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ» በላቸው። ይኼው ነው መጀመሪያው። ቀጥሎ የሚጠይቁህን እሳቸው ያውቁበታል። ቀኖናው ስግደት ይሁን ጾም ይሁን ምጽዋት፣ እንደ አቅምህ አይተው ይሰጡሃል። የሌሊት ሠራተኛ መሆንህን ንገራቸው፤ አትደብቅ።

ስለ ቁርባን የጻፍከው ነገር የለም። አለመጻፍህን ሳየው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ብቻ የሆነ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ከመሐል ያለው ጎልማሳ ሁሉ በር ላይ ቆሞ አስቀድሶ ይመለሳል፤ «ስረጋጋ እደርሳለሁ» እያለ። ባልደረባህ 12 ሰዓት ላይ ፈርሞ ወጣ። መቼ ነው የሚረጋገው? ከባለቤትህ ጋር ተነጋገሩና አብራችሁ ወደ አባታችሁ ቅረቡ። ከመቁረብ በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ስለሆነ፣ ሌሊት ስትሠራ ቆሎም ሻይም የለም ማለት ነው። የትኛው ሌሊት ተረኛ እንደማትሆን አስቀድመህ አይተህ ተዘጋጅ።

እንግዲህ ለኋላ ወዳቆየሁት መስመር።

«ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከአባታችን ተዝካር ወዲህ አንነጋገርም፣ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ስለ ሞት፣ ስለ ምጽአት፣ ስለ ገዳም ገጽ ሙሉ ጻፍክ። ለወንድምህ አንድ መስመር ሰጠኸው፣ እሱንም ቶሎ ብለህ ዘጋኸው። ልጄ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ አይደለም። ያልሳብከው ቁልፍ እሱ ነው። ተንጠልጥሎ ስላየኸው የተቆለፈ መስሎህ አልፈኸዋል።

ምን እንዳጣላችሁ አልነገርከኝም፤ እኔም አልጠይቅም። ተዝካር ላይ የሚያጣላው ይታወቃል። ወይ ወጪው ነው፣ ወይ ቤቱ ነው፣ ወይ ከጠላው በኋላ የወጣች አንዲት ቃል ናት። ብዙ ጊዜ ቃሏ ናት። ሰው ለቤት ክስ ይመሠርታል፤ ለቃል ግን ፍርድ ቤት የለም፣ ስለዚህ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል።

የኔን ልንገርህ፣ ባያኮራኝም። አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። 20 ዓመት በአንድ አጥር የኖርን፣ ሽሮ ሲያልቅብን የምንበዳደር። በአንድ የውኃ መውረጃ ቦይ ተጣላን። ጎርፉ ወደኔ ገባ፣ እኔ ተናገርኩ፣ እሷም መለሰች። ነገሩ ይኼው ነው፤ ስጽፈው እንኳ ያሳፍራል። ሰፌዷ እኔ ቤት ነበር፤ ከጠቡ በፊት ለጤፍ ማበጠሪያ የተዋስኩት። «ልመልሰው» እላለሁ፤ መመለስ ማለት በሯን ማንኳኳት ነው፣ ስለዚህ እተወዋለሁ። ግድግዳዬ ላይ ተሰቀለ። እሑድ እሑድ አንድ ደብር አስቀድሰን በተለያየ መንገድ እንመለሳለን። በዚያው ክረምት አንድ ሌሊት የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ነቃሁ። ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ።

ድንኳን ገብቼ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በእፍኜ ሰጡኝ። ያንን ንፍሮ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አውቀዋለሁ፤ ለብ ያለ፣ ስንዴና ሽንብራ፣ ጨው የበዛበት። አልወረደልኝም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጇ «እትዬ፣ እማዬ በጣም ትወድዎት ነበር» አለችኝ። አላወቀችም ወይ ልታጽናናኝ ነው። ንፍሮውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ።

መባህን ልታቀርብ ሄደህ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ትዝ ቢልህ፣ መባውን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል ወንጌሉ። ልብ በል፤ ማን በደለ አይልም። «እሱ ነው የበደለኝ» ትለኝ ይሆናል። ይሁን። መሄዱ ግን ላስታወሰው ነው የተጣለው።

ለምን ትፈራለህ ካልከኝ ታዲያ፣ ባልደረባህ ሲሞት አንተ ያየኸው የእሱን ሬሳ ብቻ አይመስለኝም። ወንድምህን ያየህ ይመስለኛል። «እሱ ቢሞትስ?» የሚለውን መሸከም ስላቃተህ «እኔ ብሞትስ?» በሚለው ለወጥከው። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በለኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ስምንተኛው ሺህን ትተህ ስለዚህ አስብ።

እንዴት ልሂድ ካልክ፣ የማውቀውን ያህል ልንገርህ። ሽማግሌ ይዘህ አትጀምር። ሽማግሌ የቤት ወይም የገንዘብ ጉዳይ ካለ ኋላ ይገባል፤ ያን ጊዜም ተገቢ ነው። ሽማግሌ ይዘህ ከመጣህ ግን ወንድምህ ክርክር እንደመጣበት ቆጥሮ ይታጠቃል። ብቻህን ሂድ። በስልክም አታድርገው፤ ስልክ ይዘጋል፣ በር ግን ቢያንስ ተንኳኩቶ ይሰማል። ስለ ቤቱም፣ ስለ ወጪውም፣ ስለ ቃሏም አታንሣ። ሰላምታ፣ የልጆቹን ደኅንነት፣ ከዚያ «ናፍቀኸኝ ነው የመጣሁት»። ውሸት ከሆነ አትበለው። ግን ውሸት አይሆንም።

ካልተቀበለህስ? ሊሆን ይችላል፤ ታላቅ ወንድም ኩራት አለው። ጳውሎስ «ቢቻላችሁ፣ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል። በእናንተ በኩል። ያንተ በኩል ያለው ቁልፍ ከተሳበ የእሱን እግዚአብሔር ያውቅበታል። ለፋሲካ ተመልሰህ ትሞክራለህ። ለመስቀልም። አባትህ የወለደው እሱን ነው፤ ሌላ ታላቅ ወንድም ከገበያ አይሸመትም።

ቅዳሜ ጠዋት ፈርመህ ስትወጣ ወደ ቤት አትግባ። ከገባህ ትተኛለህ፣ ከተኛህ ትተወዋለህ። ቅዳሜ ገበያ ጎራ በልና ግማሽ ኪሎ ቡና ያዝ። ጾም ስለሆነ ሌላ አያስፈልግም። ሌሊቱን አድረህ ዓይንህ ቀልቶ ብትታይም ግድ የለም። የደከመው ሰው ክርክር አይወድም። ስታንኳኳ «ማነው?» ካለ ሙሉ ስምህን አትንገረው። ልጅ ሆናችሁ እሱን በምትጠራበት ስም ጥራው።

እኔም ሰፌዱን አውርጄዋለሁ፤ ይህን እየጻፍኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተተርትሯል። ልጇ አሁን የምትኖረው ማራኪ ነው። ቅዳሜ አንተ ስትሄድ እኔም በባጃጅ እሄዳለሁ።